የተሰረዘው ሁለት

ጋሽ ሀብተማርያም ከነጭ ሰሌዳው ሥር ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል። ፊታቸው አብጧል፤ አንድ እጃቸው አንገታቸው ላይ ቀርቷል፤ በሌላው ሰማያዊ ማርከር እንደጨበጡ ናቸው። አምቡላንሱ ሲደርስ ነፍሳቸው ወጥታ ነበር።

ሟቹ በልትስቪል ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ናቸው። ዓርብ ዓርብ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እየመጡ፣ ኢንተርሚዲየት አልጀብራ የተባለው የሒሳብ ኮርስ ያንገሸገሻቸውን፣ በስደት ያሉ ያገራቸውን ልጆች በነፃ ያስጠኑ ነበር። ኦቾሎኒ ከቀመሱ እንደሚሞቱ ተማሪዎቻቸው ሁሉ ያውቃሉ። ለክፉ ቀን የያዙት የአለርጂ መርፌ ከቦርሳቸው የፊት ኪስ ተለይቶ አያውቅም። ያን ዕለት ግን ኪሱ ባዶ ነበር።

የካውንቲው ፖሊስ መርማሪ ሲሐም በአቅራቢያው ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ያደገች፣ ይህንኑ ኮርስ ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው ያለፈች ሴት ናት። አልጀብራን እስካሁን ይቅር አላለችውም። ስለዚህ ከአስከሬኑ ቀጥሎ ዓይኗ ያረፈው ሰሌዳው ላይ ነው።

√(x + 7) = x − 5

ከሥሩ ሁለት መልሶች ተጽፈዋል፤ ዘጠኝ እና ሁለት። ‹ሁለት› የሚለው ላይ ብቻ ወፍራም መስመር ተሰምሯል።

ከመምህሩ ጋር የነበሩት ሦስት ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ሲሐም መጀመሪያ ያስጠራችው ዕድላዊትን ነው። ዕድላዊት በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ የነርስ ረዳት ስትሆን የሰኞውን ፋይናል ካለፈች ነርሲንግ ትምህርት ቤት ትገባለች። ምግብ ያመጣችው እሷ፣ ስለ መድኃኒት የምታውቀውም እሷ በመሆኗ ግን የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ወድቋል። ኮሌጁም ከጥርጣሬ ነፃ እስክትሆን ፈተና ክፍል እንዳትገባ ነግሯታል።

«ምስር ወጥ ነው ያመጣሁት» አለች ዕድላዊት። «አራታችንም ከአንድ ሳህን ነው የበላነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰሌዳው ላይ ያለውን ጥያቄ አብረን ሠራን። ጋሼ ደህና ነበሩ፣ እየቀለዱብን። ስንጨርስ መኪናዬን ቶው አድርገው እንዳይወስዱብኝ ሙቭ ላደርጋት ወጣሁ። ስመለስ ወድቀው ያጣጥራሉ፤ አብሮን የሚማረው ፊልሞን ለእርዳታ ናይን ዋን ዋን ይደውላል። መርፌውን ፍለጋ ቦርሳቸውን ዘረገፍኩት፤ የለም። እጄ ላይ ነው የሞቱት።»

«ይሄ ሁለት ለምንድን ነው የተሰረዘው?»

ዕድላዊት ግራ ተጋብታ አየቻት። «ወደ መነሻው ስንመልሰው አይሠራማ! በግራ በኩል ሦስት፣ በቀኝ ኔጌቲቭ ሦስት ይመጣል። ሁለቱንም ጎን ስኩዌር ስናደርግ የተፈጠረ የውሸት መልስ ነው።»

ሁለተኛው ተጠያቂ በፈቃዱ ነው፤ ጎልማሳ የቤት ሽያጭ ኤጀንት፣ በአማርኛ የሚያመልክ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ።

«ኬክ አምጥተው ነበር አሉ፣ አቶ በፈቃዱ?»

«ሚልፎኝ። ጋሼ ነፍሳቸው ነው። ከፋሲካ ወዲህ ዓርብ በመጣሁ ቁጥር እሱን ነው የምገዛው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ጥያቄውን ሠርተን ስናበቃ ክላየንት ኮል አደረገኝና ኮሪደር ወጣሁ። ሳልቀምሰው ይሄ ጉድ መጣ።»

«ይሄ ሁለት ለምን ተሰረዘ?»

«እኔ እንኳ ሒሳብ ቶሎ አይገባኝም» አለ በፈቃዱ አፍሮ። «ግን መልሰህ ካልከተትከው መልስ አይባልም ይሉን ነበር።»

የቀረው ፊልሞን ነው። በሕፃንነቱ መጥቶ ውድብሪጅ ያደገ፣ በኦንላይን ፈተናዎቹ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ወጣት ነው፤ በመስከረም ስኮላርሺፕ ይዞ ወደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል። የጂም ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀመጠ። ከጎኑ የተሰካው መበጥበጫ ብርጭቆ አፉ ላይ ገረጣ ያለ ዱቄት ደርቆበታል።

«ሊስን፣ ማንንም ብሌም ማድረግ አልፈልግም» አለ። «ግን እሳቸው የበሉት የዕድላዊትን ምስር ብቻ ነው። እኔ ኬክ ሰጥቻቸው ነበር፤ ‹ዛሬ ዓርብ አይደል፣ ጾም ነው› አሉኝ። ክሬም አለው፣ ዩ ኖው? ማሚም ዓርብ አትበላም።»

«ይሄ ሁለትስ ለምን ተሰረዘ?»

ፊልሞን ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየ። «ሚስቴክ መሰለኝ። ሁለቱም መልስ ናቸው።»

ሲሐም አመስግና አሰናበተችው። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ግን ሰሌዳው ፊት ብዙ ቆመች።

ሰኞ ጠዋት፣ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት፣ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል። ዕድላዊት ፈተና መግባት አለመግባቷን ሳታውቅ እርሳሷን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ጋሽ ሀብተማርያምን የገደላቸው ኦቾሎኒ ነው» አለች ሲሐም። «ከምስሩም ከኬኩም የተረፈው ተመርምሯል፤ ሁለቱም ንጹሕ ነው። ስለዚህ የተነካካው ለእሳቸው የደረሰው ድርሻ ብቻ ነው። በምስሩ እንጀምር። ከበሉ በኋላ ይሄን ጥያቄ እየቀለዱ አሠርተዋችኋል። ጉሮሮው እየተዘጋ ያለ ሰው አይቀልድም። እንግዲህ ምስሩ አይደለም።»

ዕድላዊት እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ኬኩ ይቀራል። አቶ በፈቃዱ ሳጥኑን አስቀምጠው ወጡ፤ የትኛው ቁራሽ የማን እንደሚሆን ሊያውቁ አይችሉም። የሚያውቀው በእጁ ያቀበላቸው ሰው ነው። ሁለቱ ሲወጡ ከእሳቸው ጋር የቀረኸው አንተ ነህ፣ ፊልሞን።»

«አይ ቶልድ ዩ፣ አልበሉም! ጾም ነው አሉኝ!»

«ዕድላዊት፣ ባለፈው ዓርብ ጾም ነበር?»

ዕድላዊት ቀስ ብላ ወደ ፊልሞን ዞረች። «በፍጹም። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን አይጾምም፤ ረቡዕም ዓርብም። ጋሼ ደግሞ ዲያቆን ነበሩ፤ ይሄ አይጠፋቸውም።»

«እኔ ሙስሊም ነኝ» አለች ሲሐም። «ግን አሌክሳንድሪያ ከአንድ የክርስቲያን ልኳንዳ ፊት ለፊት ነው ያደግኩት። ሁዳዴ ሲፈታ ዓርብ ዓርብ የሚሰለፈውን ሰው አይቻለሁ። አንተ ከእናትህ ቤት የያዝከው ግማሹን ነው፤ ዓርብ እንደሚጾም ታውቃለህ፣ መቼ እንደማይጾም አታውቅም። ወሬህ ለብቻው ያምራል። ወደ መነሻው ስመልሰው ግን አልሠራም።»

ፊልሞን ከንፈሩን ላሰ። «ለምን እገድላቸዋለሁ? ኤ ነው ያለኝ።»

«እሱን የነገረኝ የተሰረዘው ሁለት ነው። አንደኛ የወጣ ተማሪ፣ አቶ በፈቃዱ እንኳ የሚያውቁትን አያውቅም። ፈተናዎችህን ሌላ ሰው ነው የሠራልህ። ጋሽ ሀብተማርያም ደረሱበት። ቢናገሩ ስኮላርሺፑም ዩኒቨርሲቲውም ቀረ። ለጂም የምትጠጣው የኦቾሎኒ ዱቄት ነው፤ ሚልፎኝ ላይ ከተነሰነሰው ስኳር ሥር ማን ያየዋል? ቦርሳህን ዛሬ ጠዋት በዳኛ ፈቃድ ከመኪናህ አውጥተነዋል። መርፌው ዱቄቱ ውስጥ ተቀብሮ ነበር።»

ፊልሞን ተቀመጠ።

«ለፕሮፌሰሩ ራስህ ንገር አሉኝ» አለ፣ ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆኖ። «አብሬህ እገባለሁ አሉኝ። የሰመሩን ዕረፍት ሙሉ ከሀ ጀምሬ አስተምርሃለሁ፣ ታልፋለህ አሉኝ። አላመንኳቸውም።»

«እኔንም ከክፍልፋይ ነው ያስጀመሩኝ» አለች ዕድላዊት። ከዚያም አለቀሰች። በፈቃዱም ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ፖሊሱ ፊልሞንን ይዞት ሲወጣ ሲሐም በሩን ለዕድላዊት ከፍታ ያዘችላት። «ለኮሌጁ ደውያለሁ። ስምሽ ወደ ተፈታኞች ዝርዝር ተመልሷል፤ ግቢ።»

«አሁን ምን ጭንቅላት አለኝ፣ ሲሐምዬ?»

«እሳቸው ያስተማሩሽ አለ።»

ፈተናው ላይ አራተኛው ጥያቄ ስኩዌር ሩት ያለበት ነበር። ዕድላዊት ሠራችው፤ ሁለት መልስ አገኘች። የመጀመሪያውን ወደ መነሻው መለሰችው፤ ሠራ። ሁለተኛውን መለሰችው፤ አልሠራም። እርሳሷን ጫን አድርጋ ሰረዘችው። ወረቀቱ ላይ የወደቀውን እንባ በሹራቧ እጅጌ ጠረገችና ወደ አምስተኛው ጥያቄ አለፈች።