ፋኖሱ አልጠፋም

«አየሽ?» አለ አጎቷ፣ በገመድ ከጉድጓዱ ያወጣውን ፋኖስ ፊቷ ላይ እያወዛወዘ። «ይነዳል። ከታች አየር ባይኖር ይነድ ነበር? እስቲ ንገሪኝ፣ ተማሪዋ።»

ድንጉጤ ፊቷን ከፋኖሱ ሙቀት አሸሸች። ስሟ እንኳ ሌላ ነው፤ ሕፃን ሳለች በር በተንኳኳ ቁጥር ስለምትዘል አጎቷ ይህንን አወጣላትና እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ተረስቶ ቀረ። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የውኃ መሳቢያው ሞተር ድምፅ አልተሰማትም፤ የታላቅ ወንድሟ ሸሚዝ ግን አጥሩ ላይ ተሰቅሎ አየች። ወንድሟ ሸሚዙን የሚያወልቀው ጉድጓድ ሊወርድ ሲል ነው። ቦርሳዋን ጥላ፣ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ሮጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ሞተሩ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ውኃ ይስብ ነበር። ዘንድሮ ሸለቆው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ሁሉም ሌት ተቀን ሲስብ ውኃው ወደ ታች ሸሸ። እነሱም ቢሆኑ ለውኃው አልሳሱለትም፤ የሽንኩርቱ መደብ ጭቃ እስኪሆን ነበር የሚለቁበት። ሞተር ደግሞ ከሩቅ መሳብ አይሆንለትም። አጎቷ የጉድጓዱን ግድግዳ ቦርቡሮ እርከን ሠራና ሞተሩን ስምንት ሜትር ወደ ታች አውርዶ አስቀመጠው። ጭሱም እዚያው ነው እንግዲህ፣ የት ይሂድ? ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራ ውሎ አሁን ቀጥ ብሏል። ወርዶ የሚያስነሳው ሰው ያስፈልጋል።

«ጋሼ፣ ሞተሩን የሚጠግነው ሰውዬ ነግሮኛል» አለች። «ፋኖስ የሚጠፋው አየር ሲያልቅ ነው። የሞተር ጭስ ግን ፋኖስ ሳያጠፋ ሰው ይገድላል። አይሸትም፣ አይታይም፤ መጀመሪያ ጉልበት ይይዛል፣ ከዚያ በቃ። ጉድጓዱ ቀን ሙሉ ሳይናፈስ ማንም እንዳይወርድ አለኝ።»

«እሱ ስለ ጉድጓድ ምን ያውቃል? በዚያ ሆዱ የጉድጓዱ አፍ ላይ ይወተፋል እንጂ መች ይገባል።»

ወንድሟ ሳቀ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አጎቱ ሲቀልድ የመሳቅ ግዴታ ያለበት ይመስለዋል። «አቦ አታካብጂ» አላት። «ትናንትም ወርጃለሁ። ትንሽ ራሴን አመመኝ፣ አለቀ።»

«ማታ ያስመለሰህስ?»

ወንድሟ አጎቱን ሰረቅ አድርጎ አየው። «ምሳው ነው።»

«ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ጀምሯል» አለ አጎቷ። «ሁለት ቀን ውኃ ካጣ መቃጠሉ ነው። ያንቺን ፍርሃት እናጠጣው?»

እግሯ ሥር አንካሳዋ ዶሮ የጫማዋን ማሰሪያ እየጎተተች ነበር። ጫጩት ሳለች እግሯን በር ሰብሮት ነው፤ ድንጉጤ ካርቶን ውስጥ አድርጋ አልጋዋ ሥር አስተኝታ፣ በማንኪያ ውኃ እያጠጣች አሳድጋታለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እያነከሰች እስከ አጥሩ በር ድረስ ትቀበላታለች። ዛሬም ተቀብላታለች።

«ቆዩ» አለች። ድምጿ ቀጠነ። «መጀመሪያ እሷ ትውረድ።»

አጎቷ ከልቡ ሳቀ። «እሺ። አፍሽ የሚዘጋ ከሆነ በግም ይውረድ።»

ዶሮዋን ቅርጫት ውስጥ አስገባቻት፤ አልታገለቻትም። የቅርጫቱን አፍ በሹራቧ ሸፍና ገመዱ ላይ አሰረችው። ገመዱንም ራሷ ለቀቀች፣ ቅርጫቱ ሞተሩ አጠገብ እስኪያርፍ። ከዚያ ድምፅ እያወጣች ቆጠረች። ሃምሳ ላይ ዶሮዋ ትንጫጫ ነበር። ዘጠና ላይ ቅርጫቱን መጫር ጀመረች። መቶ ስድሳ ላይ ጸጥ አለች። ድንጉጤ መሳብ ትችል ነበር፤ ግን ቶሎ ከሳበች አጎቷ «ይኸው ደህና ናት» እንደሚል ታውቃለች። ሦስት መቶ እስኪሞላ ቆጠረች።

ዶሮዋ ስትወጣ አንገቷ ተንጠልጥሏል። ሰውነቷ ገና ይሞቃል። አናቷ ላይ ያለው ኩክኒ ቀልቷል፤ በሕይወት ሳለች እንኳ እንዲህ ቀልቶ አያውቅም።

አጎቷ ጎንበስ ብሎ ዶሮዋን አያት። «ደንግጣ ነው» አለ። «በባለቤቷ ወጥታ።» ወደ ወንድሟ ዞረ። «ና ውረድ። ፋኖሱ እንደሆነ አልጠፋም።»

ወንድሟ ዓይኑን ከዶሮዋ አላነሳም። «ጋሼ...»

«ምነው? አንተም ደነገጥክ? ቀሚስ ላምጣልህ?»

የወንድሟ ጆሮ ቀላ። ወደ ጉድጓዱ አፍ ተጠጋ።

«አንቺ፣ ቅርጫቱን ፍቺና ገመዱን ስጪው።»

ገመዱ አንድ ነው፤ ዕቃም ሰውም የሚወርደው በእሱ ነው። ድንጉጤ ቅርጫቱን ከገመዱ ፈታች። ዶሮዋን ሣሩ ላይ አስተኛቻት። ከዚያ ሌላው ጫፍ ወደታሰረበት ችካል ሄዳ እሱንም ፈታች። ገመዱን እንዳለ በሁለት እጇ አቀፈችና፣ ለወንድሟ የምታቀብል መስላ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ለቀቀችው።

ከታች ውኃው ጧ አለ።

የአጎቷ ጥፊ ከጆሮዋ እስከ አገጯ አቃጠላት። «ወርደሽ ታወጪዋለሽ» አለ አጎቷ። በምን እንደምትወርድ ግን አልነገራትም። ቀጥሎ ወንድሟን «ሩጥ፣ ከጎረቤት ገመድ ለምነህ አምጣ» አለው።

ወንድሟ ሸሚዙን ከአጥሩ ላይ አነሳ። ለበሰው። ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ቆለፈው።

«ነገ፣ ጋሼ» አለ። «ዛሬ ራሴን አሞኛል።»

አጎታቸው ሁለቱንም አየ። «ሽንኩርቱ ሲሞት፣ ዓመቱን ሙሉ ምን እንደምትበሉ ለእናታችሁ እናንተው ንገሯት» ብሎ ሄደ። ውሸቱን አልነበረም፤ ይህን ድንጉጤም ታውቃለች።

ዶሮዋን በሹራቧ ጠቅልላ አጥሩ ሥር አኖረቻት። ከቤቱ ግድግዳ ሥር ሁለት ጀሪካን አነሳች። መንገዱ ጫፍ ያለው ቧንቧ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይከፈታል፤ እስከዚያ ስድስት ጊዜ ትመላለሳለች፣ ወንድሟ ካገዛት የሁለታቸው አሥራ ሁለት ይሆናል። ያ ለሁለት መደብ ይበቃ ይሆናል።

መደቦቹ አሥራ ስምንት ናቸው። ባዶ ጀሪካኖቿን ይዛ በመካከላቸው ቆመች፤ የትኞቹን ሁለት እንደምታተርፍ መምረጥ ጀመረች።