ከቀኝ ወደ ግራ ያነበበችው ሴት

ይሄ የደረሰው በእኔ በራሴ ላይ ነው። ማመን የማይፈልግ ይተወው፤ እኔ ግን ቃሌን አላጥፍም።

ዐማን ከተማ፣ በረመዳን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ሥራዬ ከውጭ ፊልሞች ሥር የሚወጣውን የዐረብኛ ጽሑፍ መጻፍ ነው። የዚያን ቀን የያዝኩት የስፓንኛ ፊልም ነበር። አንዲት እናት የልጇን መቃብር በእጇ እየቧጠጠች፣ "ልጄን የመንግሥት ወታደሮች ገደሉት!" ብላ ትጮኻለች።

አለቃዬ አቡ ረምዚ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

"ሱሃድ፣ ልጄ፣ እሱን አለስልሺው። 'ልጄ ቀኑ ደርሶ ሞተ' በይ።"

"እንደዚያ አላለችም እኮ!"

"ባህላችን አይፈቅድም።"

"የማን ባህል? እኔ ያደግኩት አያቴ የጦር ሠራዊቱን በሙሉ በዐረብኛ ስትረግም እየሰማሁ ነው!"

"አታድርቂኝ፣ ጾመኛ ነኝ። በእንጀራሽ አትቀልጂ።"

ጻፍኩት። አንጀቴ እያረረ ጻፍኩት።

ከዚያ ፊልሙን መልሼ አጫወትኩት...

ሴትዮዋ አልጮኸችም።

አፏን ከፈተች... መልሳ ዘጋችው።

ጾሙ ነው አልኩ ለራሴ። እንደገና አጫወትኩት።

አሁን ደግሞ ዓይኗን ወደ ታች ጣለች። መቃብሩን የምታይ መስሎኝ ነበር። አይደለም።

የምታየው የእኔን ጽሑፍ ነው።

ዓይኖቿ ቀስ ብለው ሄዱ... ከቀኝ ወደ ግራ።

የእሷ አገር ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚያነበው። እሷ ግን እንደኛ እንደ ዐረቦች አነበበች። ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

ክው አልኩ።

"አቡ ረምዚ... ይምጡ እስቲ፣ ይቺን ሴትዮ ይዩዋት።"

"ምን ሆነች?"

"እያነበበች ነው..."

ዞር ብሎም አላየ። "ማታ ጾምሽን ስታፈጥሪ ይለቅሻል" ብሎ ሳቀብኝ።

አልዋሽም፣ ፈርቻለሁ። ግን ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ። ያንን ውሸት አጥፍቼ፣ እሷ ያለችውን ቃል በቃል ጻፍኩት።

አጫወትኩት።

አነበበች... ከዚያ ጮኸች። ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች።

"ብባረርም ልባረር!" ብዬ እንዳለ አስረከብኩት።

በማግስቱ ተባረርኩ። አቡ ረምዚም ያችን መስመር በራሱ እጅ ቀየራት።

የኢድ ዕለት ከሰዓት በኋላ ፊልሙ በቴሌቪዥን ወጣ። ከእናቴ ጋር መዓሙል የሚባለውን የኢድ የቴምር ብስኩት እየበላን ነበር። መቃብሩ ጋ ሲደርስ ከሥር ብቅ አለ፤ "ልጄ ቀኑ ደርሶ ሞተ።"

ሴትዮዋ ጎንበስ አለች።

አነበበችው...

አፈር የለበሰ እጇን ወደ ጽሑፉ ዘረጋች። አቧራ የያዘ መስኮት እንደሚወለወል፣ ፊደሎቹን ጠረገቻቸው።

ከሥራቸው የእኔ ቃላት ወጡ።

"ሱሃድ..." አለች እናቴ በሹክሹክታ። "ይሄ... የፊልሙ ነው?"

"አይደለም እማዬ። የእኔ ነው።"

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ጥቁሩ መስታወት ላይ የአራት ጣት ዱካ ቀርቷል፣ ጭቃ የነካው። እናቴ ጨርቅ አምጥታ ፈተገችው፣ አልለቀቀም። በጥፍሯ ብትሞክረውም እንዲሁ።

ጭቃው ከመስታወቱ በውስጥ በኩል ነው።

"ተዪው" አልኳት። "ይታይ!"

እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ጭቃው ግን... አልደረቀም።