ያልተጨበጠው ፍሬን

ረድዋን መዚያኒን ከረጅሙ ደረጃ ግርጌ ሲያነሱት ቀኝ እጁ ታጥፎ ደርቆ ነበር፤ የፍሬን መጨበጫ የያዘ እጅ እንደሚታጠፍ። ሚስቱ ነሲማ ይህን የሰማችው ከአስከሬን አጣቢዎቹ ነው። ጣቶቹን ለመዘርጋት ብዙ እንደታገሉ ነገሯት። ከዚያ ወዲህ ምንም ብታስብ ሐሳቧ ዞሮ ዞሮ እዚያ እጅ ላይ ያርፋል።

ከቤት መውጣት አትችልም። የሐዘን ጊዜዋ እስኪያልቅ ባል የሞተባት ሴት ቤቷን ትጠብቃለች፤ ቤቱ ግን የአማቷ የያሚና ነው። ለዚህ ሞት ተጠያቂ ተብሎ የታሰረው ደግሞ የገዛ ወንድሟ ሉነስ ነው። ያሚና ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ቃል አልተነፈሱላትም። ሳህን ሲያቀብሏት እንኳ ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ነው።

ኢንስፔክተር ዙሊኻ በንሃዳድ የመጣችው በእግሯ ነበር። የአልጀርስን አቀበት ሁሉ እየረገመች ወጥታ፣ ምድር ቤት ካለው መተላለፊያ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች። ዓይኗ ግን አላረፈም። የዘይት ጠብታ ያረፈበትን ንጣፍ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ሰማያዊ ስኩተር፣ ከደጁ ወደ ታች የሚወረወረውን ቁልቁለት በተራ አየች።

«የሉነስ እህት አንቺ ነሽ?»

«የሟቹም ሚስት ነኝ» አለች ነሲማ።

«ሁለቱንም ነው የምፈልገው። ተቀመጪ።»

ነሲማ የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ፖሊሶች የሚሉትን በቃሏ ታውቀዋለች። ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ያለው የረድዋን አጎት በሻንጣ አንድ ጥንድ የፍሬን ሸራ፣ ዲስኩን ቆንጥጦ ጎማውን የሚያቆመውን፣ ላከ፤ እንዲህ ያለ ደህና ሸራ ከተማው ውስጥ ከጠፋ ከርሟል። ሐሙስ ዕለት ረድዋን ስኩተሩ ላይ ሊያስገጥመው ሸራውን ይዞ መካኒኩ ሉነስ ጋራዥ ሄደ። ዓርብ ከምሳ በኋላ ቁልቁለቱን ሲወርድ ከመታጠፊያው አልታጠፈም፤ ከነስኩተሩ በረጅሙ የመንገድ ደረጃ ተወረወረ። ስኩተሩ ሲፈታ ውስጡ የተገኘው ያለቀ ሸራ ነው። ስለዚህ ሉነስ አዲሱን አስቀርቶ አሮጌውን መልሶ ገጥሟል።

«ወንድሜ ሌባ አይደለም» አለች።

«ሁሉም እህት እንዲህ ነው የምትለኝ። እኔ የቸገረኝ ሌላ ነው። ያለቀ ሸራ ይጮኻል፣ ይፍቃል፣ ግን ትንሽም ቢሆን ይይዛል። ቁልቁለቱ ላይ ግን ጎማ የተጎተተበት ምልክት የለም። ባለሙያችን መጨበጫውን ደጋግሞ ሲሞክረው ደግሞ ፍሬኑ ያዘለት። ለኛ የያዘ ፍሬን ለባልሽ ለምን እምቢ አለ?»

ነሲማ ዞራ የሰማያዊውን ስኩተር መጨበጫ አየች።

«የኋላውስ ፍሬን?»

«ከሞተ ቆየ። ረድዋን ራሱ ‹የኋላው ለጌጥ ነው› ይል ነበር።»

«ሞተሩን የሚያስነሳው እዚህ ነው?»

«ከምሳ በኋላ አያስነሳም። እማ ያሚና ስለሚተኙ እንዳይቀሰቅሳቸው ስኩተሩን ገፍቶ አውጥቶ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ሞተሩን የሚያስነሳው ከመታጠፊያው ወዲያ ነው።»

«ስለዚህ መጀመሪያ ፍሬን የሚይዘው መታጠፊያው ላይ ነው» አለች ዙሊኻ ለራሷ ያህል። «ይህን ማን ያውቃል?»

«ሰፈሩ ሁሉ።»

«ዓርብ ምን በላችሁ?»

ነሲማ ቀና አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። «ዓርብ ምን ይበላል? ኩስኩስ።»

«በምን?»

«በአሬራ። ረድዋን ለጁምዓ በእግሩ መስጊድ ሄዶ ሳለ አሬራ እንዳለቀ አየሁና ሸፊቅን ላክሁት። እዚህ ታች ስኩተሩን እየነካካ ነበር። ‹አሬራ!› ብዬ ከላይ ጮህኩ፤ ወርዶ ገዝቶ መጣ።»

«በእግሩ?»

«ሸፊቅ? ለክብሪትም በስኩተር ነው የሚሄደው።»

ሸፊቅ የረድዋን ታናሽ ነው። ሰማያዊው ስኩተር የሱ ነው። ዙሊኻ ስታስጠራው እጁን በሱሪው እየጠረገ ወረደ፤ ሳይጠየቅም ጀመረ።

«ያንን ሌባ ገና አልሰቀላችሁትም?»

«ገመድ አልቆብን ነው» አለች ዙሊኻ። «ያንተ ሸራ እንዴት ነው?»

«የኔ? ደህና ነው። ከበጋው በፊት የቀየርኩት ነው።»

«ሉነስ ነው የቀየረልህ?»

«እሱ? የሱ እጅ የኔን ስኩተር ነክቶት አያውቅም! ራሴ ነኝ። እዚህ አቀበት ላይ ተወልዶ ሸራ መቀየር የማያውቅ አለ እንዴ?»

«እኔ ሜዳ ላይ ነው የተወለድኩት፤ አስተምረኝ። ገጥመህ ስትጨርስ ምን ታደርጋለህ?»

«መጨበጫውን ደጋግሞ መጨበጥ ነዋ፣ እስኪጠነክር። ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።»

ዙሊኻ አመስግና ወጣች። ነሲማ ግን ከደረጃው አልተነሳችም። ሉነስ ጋራዡ ውስጥ ለደንበኛ ሁሉ የሚለውን አስታወሰች፦ «ሸራው አዲስ ነው፤ መጀመሪያ ጨብጠህ ተዋወቀው፣ ከዚያ ንዳ።» ስትሰማው ያደገችው ቃል ነው። ሐሳቡን እስከ ዳር አልገፋችውም። ሸፊቅ እዚያው ቤት ነው የሚያድረው፤ በአንድ ደረጃ ነው የሚወጡ የሚወርዱት።

በማግስቱ ከአስር ሰላት በኋላ ዙሊኻ ሁሉንም መተላለፊያው ላይ ሰበሰበቻቸው። ሉነስ በካቴና መጥቷል፤ ጺሙ አድጓል። እህቱን ሲያይ ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም። ያሚና ወንበር ቀርቦላቸው ተቀመጡ፣ ሸፊቅ ከኋላቸው ቆመ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ነበሩ። በሩ ሲዘጋ መተላለፊያው እንደ ጉድጓድ ጨለመና አምፖል አበሩ።

ዙሊኻ ከሟቹ ስኩተር የወጣውን ዲስክና ያለቀውን ሸራ ጨርቅ ላይ አኖረች።

«ሉነስ፣ ሐሙስ ዕለት ምን አደረግህ?»

«አዲሱን ገጠምኩ። እንደ ልማዴ ጠርዙን በሞረድ ፍቄ አጎደልኩ፣ እንዳይጮህ። ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ። ረድዋን ጨበጠው፣ ያዘለት፤ እየነዳ ወደ ቤቱ ወጣ።»

«ውሸታም!» አለ ሸፊቅ።

«ቆይ፣ ተራህ ይደርሳል። እማማ፣ ዓይንዎ ያያል?»

«የማልፈልገውንም ያያል» አሉ ያሚና።

«የረድዋን ዲስክ ይኸው፤ እንደ ሳህን ልሙጥ ነው። ያለቀውን ሸራ ደግሞ በጣትዎ ይዳሱት። መሃሉ ላይ ጉብታ አለው አይደል? ሸራ የሚያልቀው የሚፋተገውን ዲስክ መስሎ ነው። ይህ ሸራ ያለቀው መሃሉ በተቦረቦረ ዲስክ ላይ ነው። የልጅዎ አሮጌ ሸራ አይደለም፤ ከሌላ ስኩተር የወጣ ነው።»

ጎንበስ አለችና የእጅ ባትሪዋን ሰማያዊው ስኩተር ዲስክ ላይ አበራች። ዲስኩ መሃል ላይ ቦይ ነበረ። አንዱ ፖሊስ ተንበርክኮ ሸራውን ፈታ። ዙሊኻ ተቀብላ ሉነስ ፊት ያዘችው።

«የኔ ሞረድ ነው» አለ ሉነስ በቀስታ። «ጠርዙን እዩት።»

«ፊቱንም እዩት። ከቦዩ ትይዩ ያለው ቦታ ዲስክ አልነካውም፤ የብርጭቆ ወረቀቱ ጭረት ገና አልጠፋም። ከበጋ በፊት የገባ ሸራ እንዲህ አይሆንም። ሸፊቅ፣ የሉነስ እጅ ነክቶት የማያውቅ ስኩተር ላይ የሉነስ ሥራ እንዴት ተገኘ?»

የሸፊቅ ፊት ተለዋወጠ። በሩን አየ፤ ከዚያ ደረጃውን።

«የኔ ነበር!» አለ። «አጎቴ ለኔ ነው የላከው! ቀኑን ሙሉ ዕቃ ጭኜ ይህን ቁልቁለት የምመላለስ እኔ ነኝ። እሱ ታላቅ ስለሆነ ብቻ ወሰደው፤ ምን ያልወሰደው አለ? ሸራዬን ነው የመለስኩት። እንደሚሞት በምን አውቃለሁ? መጨበጡን ረሳሁ… ረሳሁ!»

ያሚና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነሲማ ለአፍታ ልታምነው ፈለገች። ስህተት ቢሆን ለሁሉም ይቀልል ነበር።

«እኔም እስከ ትናንት እንዲያ ነበር የመሰለኝ» አለች ዙሊኻ። «ወፍራሙ ሸራ ወጥቶ ስሱ ሲገባ በሸራውና በዲስኩ መሃል ክፍተት ይፈጠራል፤ የመጀመሪያው ጭብጥ ባዶ ነው። እየደጋገሙ ሲጨብጡት ክፍተቱ ይሞላል። ለባለሙያችን የያዘለት ለዚህ ነው። ረድዋን ግን መታጠፊያው ላይ ለሁለተኛ ጭብጥ ጊዜ አልነበረውም። ይህ መርሳት ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን ወፍራሙ ያንተ ላይ ሲገባም ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የመጀመሪያው ጭብጥ ያንተም ባዶ ነበር። ነሲማ አሬራ ላከችህ። በዚሁ ቁልቁለት ወረድክ፣ በዚሁ መታጠፊያ ታጠፍክ፣ አሬራውን ይዘህ በሰላም ተመለስክ። የራስህን ጨብጠሃል። የሱን ብቻ እንዴት ረሳህ?»

አምፖሉ ዙሪያ አንዲት ዝንብ ትዞራለች። ሸፊቅ ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው መሰለ።

«እጄ የሱ ስኩተር መጨበጫ ላይ ነበር። ነሲማ ‹አሬራ!› አለች። ስመለስ ጨብጠዋለሁ ብዬ ነበር። ስመለስ… ቆሜ አየሁት። ፓስፖርቴን መሳቢያው ውስጥ ከቆለፈው ስንት ጊዜ ሆነው? ‹እናትህን ትተህ የት?› ይለኛል። እሱ እያለ ከዚህ ቤት አልወጣም ነበር። አየሁትና ወደ ላይ ወጣሁ። ከጎኑ ተቀምጬ በላሁ።»

ካቴናው ከሉነስ እጅ ተፈትቶ ወደ ሸፊቅ እጅ ሲዛወር ያሚና አልጮኹም። ሲያልፍ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡለት፣ ለእንግዳ መንገድ እንደሚለቁ። ከዚያ ወደ ነሲማ ዞሩ።

«ረድዋን ሲወጣ እኔ ተኝቼ ነበር?»

«ተኝተው ነበር፣ እማ።»

«ሞተሩን ያላስነሳው ለኔ ብሎ ነው?»

ነሲማ መዋሸት ፈለገች፤ አልቻለችም። «ለርስዎ ብሎ ነው።»

ሉነስ ካቴና የላጠውን የእጁን አንጓ እያሸ በሩ ላይ ቆመ። «ነይ እንሂድ፣ እህቴ። ከዚህ በኋላ እዚህ ምን አለሽ?»

ከጀርባው ቁልቁለቱ እስከ ባሕሩ ድረስ በፀሐይ በርቷል። የጨው ሽታ ያለው ነፋስ ገባ። ነሲማ አንድ እርምጃ ወደ ደጁ ሄደችና ቆመች።

«ሐዘኔ አላለቀም» አለች። «ሂድ፣ ጋራዥህን ክፈት።»

ሄደ። ሰማያዊውንም ስኩተር ፖሊሶቹ ገፍተው ወሰዱት፤ መተላለፊያው ላይ ሁለቱ ስኩተሮች ይቆሙበት በነበረው ቦታ ሁለት የዘይት ጠብታዎች ብቻ ቀሩ። ያሚና ከወንበሩ ለመነሳት ሞከሩ። ነሲማ እጇን ዘረጋችላቸው። አሮጊቷ ያዙት፣ ከዚያ አጥብቀው ጨበጡት፤ አለቀቁትም።

«በሩን ዝጊው፣ ልጄ» አሉ።

ነሲማ በነጻ እጇ ዘጋችው።