ከመስኮቱ ሥር ያለው መቆሚያ

ፕሮፌሰር አሊስታየር ፕሪንግል በቤተ ሙከራው የአይጦች መዋኛ ገንዳ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ውሃው ከጉልበት አያልፍም፤ አይጦቹ ከሥሩ ያለውን እንዳያዩ ነጭ ቀለም ስለሚጨመርበት ግን ወተት ይመስላል። ማጅራቱ ቆስሏል፤ የገንዳው ጠርዝ ላይ ደም አለ። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ሬሳ በር አይቆልፍ መቼም!

መርማሪ ኦዲል ላሻፔል የሞንትሪያልን በረዶ ከጫማዋ እያራገፈች ገባች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለብቻዋ የምትኖር፣ ከምትናገረው የምትሰማው የሚበዛ ሴት ናት። የክፍሉ ቁልፍ ከሟች ሌላ ያለው በሦስት ሰዎች እጅ ነው፦ በሟች ተማሪ በሞድ ትሬፓኒዬ፣ በአይጦቹ ጠባቂ በሬዣን፣ እና ቁልፋቸውን ባልመለሱት በሟች የድሮ ባልደረባ በዶክተር ኤቨሬት ዶብሰን። ፖሊሶቹ ግን ፍርዳቸውን ጨርሰዋል። ሞድ ማታ ከሟች ጋር ስትጯጯህ ስለተሰማች ካቴናው ለእሷ ተዘጋጅቷል።

«አዎ ተጣልተናል» አለች ሞድ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «የዓመት ልፋቴን በራሳቸው ስም ሊያወጡት ነበር። ጮህኩባቸው፣ ወጣሁ፣ አለቀ። በዚህ ከተማ ዘመድ የለኝም። ማን ያምነኛል?»

«ቆይ፣ አትቸኩዪ ልጄ። በመጀመሪያ እዚህ የምትሠሩትን ንገሪኝ።»

«ከውሃው ሥር የማይታይ መቆሚያ አለ። አይጧ እየዋኘች ትፈልገዋለች። መጀመሪያ ትንከራተታለች፤ ሲደጋገም ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች። አንጎሏ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት አብረው በነቁ ቁጥር መገናኛቸው ይጠነክራል። ሰው ሲመላለስበት የሚወጣ የእግር መንገድ በሉት። መማር ማለት እሱ ነው።»

«መቆሚያው ቢወድቅስ?»

«ኧረ በስመ አብ! ትሰጥማለቻ! መቆሚያውን ሳያቆም ከዚህ ክፍል የሚወጣ የለም። እዚህ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚማረው እሱን ነው።»

ሬዣን ባርኔጣውን እያሻሸ ቀረበ። «እኔ የተቀጠርኩት ባለፈው መስከረም ነው። ፕሮፌሰሩ ክፉ አልነበሩም፤ ብቻ ሰው አይወዱም።»

«አይጥስ?»

«አይጥንማ በስም ይጠሩ ነበር።»

ዶክተር ዶብሰን ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። የካፖርታቸው ቁልፍ ተበጥሷል፤ የሚተክልላቸው የለም።

«ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤቴ ስትታመም ሥራ ለቀቅኩ። ትናንት መጻሕፍቴን ልወስድ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ እንጂ እዚህስ ድርሽ አላልኩም።»

«ባለቤትዎ ተሻላቸው?»

«ሞተች።»

ኦዲል ማታ ጨለማ ቤት ከፍቶ መግባት ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። «እግዜር ያጽናዎት። በእርስዎ ጊዜ ይሄ መቆሚያ የት ነበር የሚቆመው?»

ዶብሰን ውሃውን እንኳ ሳያዩ ወደ መስኮቱ ሥር ጠቆሙ።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ኦዲል ሁሉንም ገንዳው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። «ሞድ፣ አንቺስ የት ነው የምታቆሚው?»

«በበሩ በኩል። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ እዚያው ነው።»

«በይ አይጥሽን ልቀቂያት።»

ክሌማንቲን የተባለችው አይጥ ቀጥ ብላ ወደ በሩ በኩል ዋኘች። ደረሰች። ምንም የለም። ዞረች፤ ደግማ ዞረች። ሬዣን በዱላ ውሃውን ሲዳስስ መቆሚያው ከመስኮቱ ሥር ተገኘ።

«ሞድ እንዳልዋሸች አይጧ መሰከረች» አለች ኦዲል። «ፕሮፌሰሩ ሲወድቁ መቆሚያውን ጣሉት፤ አንድ ሰው አነሳው። ሞድና ሬዣን ቢሆኑ እጃቸው ወደ በሩ ይሄድ ነበር፤ የድሮውን ቦታ አያውቁትማ። መስኮቱን የሚያውቅ አንድ እጅ ብቻ ነው።»

የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። ይኸኛው ልማድ ደግሞ ባለቤቱን አሳልፎ ሰጠ።

ዶብሰን ዓይናቸውን ከአይጧ አልነቀሉም። «አውጧት» አሉ። «ደክሟታል።»

«ለአይጥ መቆሚያ አቆሙላት፣ ዶክተር። ሰውየው ግን አጠገብዎ ሰጠመ።»

«ባለቤቴ ዊኒ ስሜን መርሳት ስትጀምር፣ የምትሞክረውን መድኃኒት ስጠኝ ብዬ ፕሪንግል እግር ላይ ወደቅኩ። ከለከለኝ። ትናንት ደግሞ ‹እሷ እንደሆነ አታውቅህም ነበር፤ ምን ቀረብህ?› አለኝ። ገፋሁት። ማጅራቱን ጠርዙ መታው፣ ሲነሳ ተንገዳገደ፣ በግንባሩ ውሃው ውስጥ ተደፋ። ላወጣው እችል ነበር። ቆሜ አየሁት።» እጃቸውን አገላብጠው ተመለከቱ። «መቆሚያውን ማንሳቴን ግን አላስታውስም።»

ሞድ አይጧን አውጥታ በፎጣ አቀፈቻት። ካቴናው ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«የምንደውልለት ሰው አለ?» አለ ፖሊሱ።

ዶብሰን ሳያስቡ የቤታቸውን ስልክ ቁጥር ነገሩት።

«ማን ብለን እንጠይቅ?»

«ዊኒን» አሉ።