ቢጫው ወዴት ሄደ?

ይሄ ቁጭ ብዬ የፈጠርኩት አይደለም። ሰው ነግሮኝም አይደለም። በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው... እኔ ለመከራከር እንኳን አቅም የለኝም፣ ደክሞኛል።

ቀኑ ረቡዕ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ከሩብ። ቦታው የምሠራበት ፎቶ ቤት።

ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነበር። አስፈሪ ነገር በጨለማ ብቻ ነው የሚመጣው ያለው ማነው?

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሳጸዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ብጉር አጠፋለሁ። የተጣመመ ኮሌታ አቃናለሁ። እንቅልፍ ያጣ ዓይን አነቃለሁ። የራሴን ማን ያነቃልኛል? እሱን ተዉት።

የምሠራበት ሞኒተር ከእኔ ጋር አብሮ ያረጀ ነው። ያ ጀርባው ላይ ጆንያ የተሸከመ የሚመስለው፣ የድሮው ዓይነት። ጠዋት ሲበራ እስኪሞቅ ድረስ አስር ደቂቃ ይፈጃል። የፎቶ ቤቱን ባለቤት "ኧረ ይቀየርልኝ" ስለው "የሚሠራ ዕቃ ይጣላል እንዴ?" ይለኛል። እኔንም እንደዚያ እያለ ነው መሰለኝ ያቆየኝ።

አሁን ስለ እህቴ ልንገራችሁ።

እትዬ ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። አላገባች፣ አልወለደች፣ እኔን ብላ ቀረች። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቶም "ማሙሽ" ነው የምትለኝ።

ከታመመች ሰባት ወር ሆኗት ነበር። ምርመራ በምርመራ ሆንን፣ በሽታው ግን ስም አጣ። እህል አልቀምስ አለች። ሰውነቷ አለቀ። ጠዋት አጥቤያት፣ ለምኜ ሁለት ማንኪያ አጉርሻት ሥራ እገባለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ እንደገና ልመና። እንቅልፍ የሚባል ነገር ረሳሁ።

ሰኞ ዕለት ለሌላ ሐኪም በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ የሚለጠፍ ሁለት ጉርድ ፎቶ አምጡ ተባልን። በታክሲ አመጣኋት። ደግፌ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። አነሳኋት። መልሼ ቤት አድርሻት መጣሁ።

ከዚያ ፎቶውን ሞኒተሩ ላይ ስከፍተው...

ቢጫ።

ፊቷ ቢጫ። ሻርፗ ቢጫ። ከኋላዋ ያለው ነጭ ግድግዳ ቢጫ።

ልቤ ድንግጥ አለ። ቆይ ግን... የሌላ ሰው ፎቶ ከፈትኩ። እሱም ቢጫ። ባዶ ነጭ ገጽ ከፈትኩ። ቢጫ!

"እፎይ" አልኩ። ያመመው ሞኒተሩ ነው።

በእኛ ሙያ ቀለም ሲበላሽ መጀመሪያ ፎቶውን አትነካም፣ ዕቃውን ነው የምትመረምረው። መስታወቱን ወለወልኩ። አጠገቡ የነበረውን ስፒከር አራቅኩ፣ ማግኔቱ ቀለም ያዛባልና። ከፊቱ ያሉትን ቁልፎች እየተጫንኩ ቀዩንም፣ አረንጓዴውንም፣ ሰማያዊውንም ከፋብሪካ ሲወጣ እንደነበረው መለስኩት።

ወይ ፍንክች!

ጠጋኙን ጠራሁት። ሰው ሁሉ "ብሎኔ" ነው የሚለው፣ ኪሱ ከብሎን ተለይቶ አያውቅም። ገና ከበሩ ሲያየው ሳቀ።

"ሰማያዊው ጠፍቶ ነው።"

"እና?"

"ሰማያዊ ሲጠፋ ቢጫ ይነግሣላ! ኬብሉን አምጣው።"

የኬብሉን ጫፍ በመብራት አየው። ከጥቃቅኖቹ የሽቦ ጥርሶች አንዷ ተጣማለች። በወረንጦ አቀናትና መልሶ ሰካው።

ነጩ ገጽ ነጭ ሆነ። የሌሎቹም ሰዎች ፎቶ ተስተካከለ።

የእትዬ ግን...

ቢጫ።

ብሎኔ ሳቁን አቆመ። ፎቶውን በባለቤቱ ላፕቶፕ ከፈተው። ደህና ናት። አተምነው። ወረቀቱም ላይ ደህና ናት። ይሄ ሞኒተር ላይ ብቻ... እሷ ብቻ...

"ሴትየዋ ማናቸው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"እህቴ።"

ዕቃውን ሰበሰበ። "ሻይ እንኳን ጠጣ" ብለው አልቆመልኝም። በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ።

"ስማኝ... ይሄን ዕቃ ጣለው። እኔ የማውቀው ብልሽት አይደለም።"

መስማት ነበረብኝ። ግን የሃያ ሁለት ዓመት ልማድ ክፉ ነው። የተበላሸ ቀለም እያየሁ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልም። ያውም የእትዬ ፊት! ከቢጫ ወደ ሰማያዊ የሚሄደውን የማስተካከያ መስመር አወጣሁ። መስመሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠቋሚ በማውሱ ይዤ ጎተትኳት... ቀስ... ቀስ...

ፊቷ ጠራ።

ወዲያው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ገባ። የሥራ ፈቃዱን ለማሳደስ ፎቶ ፈልጎ ነው። ቀልደኛ፣ ሳቂታ ሰውዬ ነው።

"አደራ አሳምረኝ፣ ሚስቴ እንደ አዲስ ትውደደኝ!"

"ፎቶ አንሺ ነኝ እንጂ ተአምር ሠሪ አይደለሁም።"

እየሳቅን አነሳሁት። ከእትዬ ቀጥሎ የከፈትኩት የእሱን ፎቶ ነው። ይሄን ልብ በሉልኝ።

አመሻሹ ላይ ቤት ስገባ እትዬ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላለች። ያለ ደጋፊ። ብቻዋን።

"ማሙሽ... ራበኝ" አለችኝ።

እንባዬ መጣ። ሁለት ሳህን ሾርባ ጠጣች። ሦስተኛ ልጨምር ስል "ልታፈነዳኝ ነው እንዴ?" አለች። ስትቀልድ ከሰማኋት ስንት ጊዜ ሆነኝ!

ማክሰኞ ጠዋት ፎቶዋን ከፈትኩት። ተመልሶ ቢጫ ሆኗል።

አረምኩት። ለምን እንደማርመው ራሴን አልጠየቅኩም... ወይም ጠይቄ መልሱን ፈራሁት። ከዚያ ልብስ ሰፊው ሰኞ ዕለት ከሱቁ "ሁለት ፍሬ ጨምርልኝ" ብሎ ደውሎ ስለነበር የእሱን ከፍቼ አተምኩ። መልኩ ትንሽ ወየብ ብሎብኛል። "አይ የኔ ዓይን" ብዬ አለፍኩት።

ያን ዕለት ቤት ስገባ እትዬ ቆማ ዕቃ ታጥባለች።

"ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር" ይባል የለ? እኔ ግን መጠርጠር አልፈለግኩም። በሰባት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ ተኛሁ።

ረቡዕ መጣ።

የልብስ ሰፊው ሱቅ እንደተዘጋ ነው። ስምንት ሰዓት አካባቢ ሚስቱ ፎቶውን ልትወስድ መጣች። ፊቷ ጠውልጓል።

"እሱስ? ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?" አልኳት።

"ተወኝ እስቲ። ከሰኞ ማታ ጀምሮ አልጋ ላይ ነው።"

"ምን ሆኖ?"

ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ምኑን አውቄው? እህል አልቀምስ አለ። በሁለት ቀን ሰውነቱ አለቀ። ሐኪሞቹ ምንም አላገኘንበትም ይላሉ።"

ቃል በቃል... እኔ ስለ እትዬ ሰባት ወር ሙሉ ስለው የኖርኩትን።

እሷ እንደወጣች ፎቶውን ከፈትኩት።

ልብስ ሰፊው ቢጫ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ያንን ሳቂታ ፊት ቢጫው ውጦታል።

ያኔ ገባኝ... ቢጫው ከእትዬ ፊት ሲወጣ የትም አልጠፋም። ቀጥሎ ወደተከፈተው ሰው ነው የሄደው።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ካረምኳት እሱ ይሞታል። ካላረምኳት እሷ ትሞታለች። እሱን ባርመው ደግሞ በሩን ከፍቶ የሚገባው ቀጣዩ ሰው... ተማሪ ይሁን፣ እናት ይሁን፣ ማን ያውቃል? ልብስ ሰፊው ሦስት ልጆች አሉት። እትዬ ደግሞ ያለችኝ አንዲት እሷ ናት።

በሩን ቆለፍኩ። መጋረጃውን ጋረድኩ።

ካሜራው በራሱ እንዲያነሳ አድርጌ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፎቶው ሲወጣ አየሁት... ወይ ጉድ! እንዴት ነው ያረጀሁት? ፍርሃት እንኳን አልተሰማኝም። ቶሎ ልተኛና ልረፍ የሚል ስሜት ነው የነበረኝ። ይሄ ይበልጥ ያስፈራል፣ አይደል?

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

የእትዬን ከፈትኩ። ቢጫ ሆና ነው የጠበቀችኝ። ጎትቼ አጸዳኋት። የልብስ ሰፊውን ከፈትኩ። እሱንም አጸዳሁት። ኋላ ሚስቱ እንደነገረችኝ ልክ በዚያች ሰዓት ከአልጋው ተነስቶ "መቀሴን የት አደረግሽው?" ብሎ ጮኸባት።

ከዚያ የእኔን ከፈትኩ። ከእትዬ ፎቶ ጎን አስቀመጥኩት።

መጀመሪያ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ከአንገቴ ጀመረ... ወደ አገጬ... ወደ ጉንጬ... መጨረሻ ላይ የዓይኔ ነጭ።

አፌ መረረኝ። ወገቤ ከበደኝ። እጄን ከማውሱ ላይ አንስቼ ጭኔ ላይ አኖርኩ። በቃ፣ ቢያንስ ለማንም አይተላለፍም።

ያኔ ነው ጠቋሚዋ የተንቀሳቀሰችው።

በራሷ።

ማንም ሳይነካት... በመስመሩ ላይ... ወደ ሰማያዊው...

ፊቴ መጥራት ጀመረ። ጎኔ ያለችው እትዬ ደግሞ መወየብ ጀመረች።

"ኧረ አይሆንም!" ማውሱን አፈፍ አድርጌ ጠቋሚዋን መለስኳት። ተመልሳ ሄደች። ደግሜ መለስኩ። ደግማ ሄደች። የሆነ ነገር እየጎተተኝ ነው። በጉልበት አይደለም... በትዕግሥት።

ስልኬ ጠራ።

እትዬ ናት።

"ማሙሽ።" በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"እ... እትዬ? ምነው?"

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ምንም። ሥራ ላይ ነኝ።"

"ውሸታም።" ትንፋሿ ይሰማኛል። "እጅህን አንሳ።"

ዙሪያዬን ቃኘሁ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም።

"ከምን ላይ?"

"ከያዝከው ላይ።"

"እትዬ በሞቴ! ገና አሁን እኮ ነው የተነሳሽው። ተይኝ... እኔ ደክሞኛል፣ ለእኔ ይሁን።"

"አይሆንም።"

ያኔ ሰባት ወር ሙሉ አፍኜ የያዝኩት ነገር አመለጠኝ። እንደ ሕፃን እያለቀስኩ ነው የተናገርኩት።

"እትዬ... እኔ እኮ ምነው በሞተችና በተገላገልኩ ብያለሁ። በአፌ አላልኩትም። በልቤ ግን ብያለሁ።"

አሁን ትዘጋዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልዘጋችውም።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ታውቂያለሽ?"

"እኔስ? ኩፍኝ ይዞህ አስራ አንድ ቀን ስታለቅስ ስንቴ ብያለሁ መሰለህ! የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰው ሲደክመው ብዙ ነገር ያስባል፣ ማሙሽ። ያሰብከው ምንም አይደለም። ሾርባውን አላቋረጥክብኝም።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

"በል አሁን እጅህን አንሳ። እኔ ልጨርሰው።"

አነሳሁ።

ይቅር በሉኝ... አነሳሁ።

ጠቋሚዋ ጉዞዋን ቀጠለች። የእኔ ፊት ጠራ። አፌ ውስጥ የነበረው ምሬት ለቀቀኝ። ያን ጊዜ ነው ዓይኔ ወደ እትዬ ፎቶ የሄደው።

ጉርድ ፎቶ ነው። ፊቷና ትከሻዋ ብቻ ነው ያለው፣ ከዚያ በታች የለም።

አሁን ግን ከታችኛው ጠርዝ ላይ ክንድ ወጥቷል።

ቢጫ ክንድ። ከእሷ ፎቶ ወጥቶ... በሁለታችን መካከል ያለውን ጥቁር ክፍተት ተሻግሮ... መስመሩ ድረስ ተዘርግቷል። ሁለት ቀጫጭን ጣቶች ጠቋሚዋን ይዘው ይጎትታሉ።

"ሊያልቅ ነው፣ ማሙሽ" አለችኝ በስልኩ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው።

ጣቶቹ ግን ይንቀጠቀጡ ነበር።