ያልተለቀለቁት ጨርቆች

ሕፃኑ ድንቡሼ ከጠዋት ጀምሮ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያለቅስ፣ ጠበቃ የድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። ክሩ ምንም አልሆነም። ቀና ብላ ማየት ስለፈራች ብቻ ነው።

«እስቲ ይሄን ተመልከቺ» አለች አክስቷ፣ የድንቡሼ እናት፣ ከውስጥ። የምታነጋግረው ታላቅ እህቷን፣ የጠበቃን እናት ነው። «ትናንት ምንም አልነበረውም። ዛሬ ግን ጭኑ ተልጧል እኮ።»

እናቷ ጎንበስ ብላ የሕፃኑን መቀመጫ አየች። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ናት፤ ለተማሪም ለዘመድም የምትፈርደው በአንድ ድምፅ ነው። «ነግሬሽ ነበር» አለች። «ሕፃን ይዘሽ ጫካ ስትወጪ ዳይፐር ግዢ፣ በጨርቅ አትጫወቺ ብዬሽ ነበር። አንቺ ግን መቼ ሰው ትሰሚያለሽ?»

አክስቷ መልስ አልሰጠችም። ጠበቃም ዝም አለች፤ የሚገርመው ይሄኛው ነው። «ጠበቃ» የሚል ስም የወጣላት በአራት ዓመቷ ብርጭቆ ሰብራ፣ ጥፋተኛው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የቆመው ብርጭቆ እንደሆነ አጎቶቿን ሰብስባ ስለተከራከረች ነው። አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ክርክር አልቆባት አያውቅም ነበር።

የጨርቁ ነገር እንዲህ ነው። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። ድንቡሼ እንደተወለደ የሱቁ ዳይፐር ለቆዳው ስላልተስማማው፣ ያረጁ ለስላሳ አንሶላዎችን ቀድዳ፣ ደራርባ ሃያ አራት የሽንት ጨርቅ ሰፋችለት። ከወለደች ወዲህ አላፊ አግዳሚው ሁሉ መካሪ ሆኖባታል፤ አንዱ እንዲህ ያዢው ይላታል፣ ሌላው እንዲያ አጥቢው። በራሷ ጭንቅላት አስባ የተሳካላት ነገር ቢኖር እነዚያ ጨርቆች ነበሩ። ጫካው ውስጥ ካለው ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለው አምስት ቀን ሊያሳልፉ ሲነሱም «የዳይፐሩን ቆሻሻ እዚያ የት እንጥለዋለን? ጨርቄ ይበቃናል» አለች። ማን ያጥባል ሲባል ግን «እኔ!» ብላ የዘለለችው ጠበቃ ናት። ማንም አላስገደዳትም።

የአጠባ ሕጉን ያወጣው የአክስቷ ባል ነው። ሰውየው ቀያሽ ነው፤ የዓመቱን እኩሌታ በድንኳን የሚያድር፣ የልብስ ማስጫ ገመድ እንኳ በውሃ ልክ ለክቶ የሚወጥር ሰው። ሐይቁ ውስጥ ምንም አይታጠብም፤ ሌላው ይዋኝበታል፣ ይጠጣዋል። ውሃው በጀሪካን ተቀድቶ መቶ እርምጃ ሽቅብ ይወጣል፣ እዚያ በሳፋ ይታጠባል፣ እጣቢው በተቆፈረ ጉድጓድ ይደፋል። ከዚያ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ። አክስቷ ደግሞ የራሷን ጨመረችበት፤ በመጨረሻው ውሃ የሳፋው ታች ላይ የተሳለው አበባ ቁልጭ ብሎ ካልታየ ገና ነው። ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ማለት እንግዲህ ጀሪካን ይዞ ሦስት ጊዜ መውረድና መውጣት ነው።

ጠበቃ ሁለት ቀን ሕጉን አከበረች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ጨርቅ ዘፍዝፋ እያለች፣ የጎረቤት ድንኳን ልጆች መረብ ኳስ ሊጫወቱ አንድ ሰው ጎደላቸው። አንደኛዋ ልጅ ልትጠራት መጣችና ሳፋውን ስታይ አፍንጫዋን ያዘች።

«ውይ፣ ይሄን ሁሉ የምታጥቢው አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ዛሬ ብቻ ነው» አለች ጠበቃ። ለምን እንደዋሸች ራሷም አታውቅም።

«በቃ አታካብጂ፣ ቶሎ ጨርሺና ነይ።»

ያን ጊዜ ከራሷ ጋር ክርክር ገጠመች። ሳሙና ካጸዳ፣ ብዙ ሳሙና ይበልጥ ያጸዳል። ይበልጥ የጸዳ ነገር ደግሞ ብዙ ማለቅለቅ አያሻውም። የሚቃወም ስላልነበረ አሸነፈች። ዱቄት ሳሙናውን ሁለት እፍኝ ነሰነሰችበት፣ አሸት አሸት አደረገችው፣ ጨመቀችና እንዳለ ገመዱ ላይ አሰጣችው። አንዴም አላለቀለቀችም። አመሻሽ ላይ ስትሰበስባቸው ጨርቆቹ ካርቶን መስለው ደርቀዋል። አንድ በአንድ በእጇ እያሸች አለሳለሰቻቸው፤ ከዚያ አጣጥፋ ከሌሎቹ በላይ ደረደረቻቸው። አሁን ፊቷን የሚያቃጥላት ይሄኛው ነው። አለማለቅለቁ ስንፍና ነው ቢባል፣ እያወቁ ማለሳለሱ ምን ይባላል? ጨዋታው ደግሞ አሪፍ ነበር፤ ትዝ ሲላት እሱም ጥፋት መሰላት።

«ስፌቱ ነው» አለች አክስቷ ድንኳኑ ውስጥ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ። «ጠርዙን ሳጥፈው ወፍራም አድርጌዋለሁ። እሱ ነው የፈገፈገው።»

«ስፌቱም ይሁን ጨርቁ፣ ያው ነው» አለች እናቷ። «ነገ ጠዋት እንመለሳለን። ለዛሬ ባልሽ ከተማ ወርዶ ዳይፐር ይግዛ።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው በወሬ ነው፤ ጠበቃ ግን በዓይኗ አየችው፤ የእሷው ጥፋት ሄዶ አክስቷ ላይ ተለጠፈ። አሁን መናገር ትችል ነበር። እሷ ግን ሁሉም ወደ ውጭ ሲወጡ ከዘጠኙ ጨርቆች ያልተነኩትን ስድስቱን ከክምሩ ላይ አንስታ፣ ሳፋውንና ጀሪካኑን ይዛ ሽቅብ ሮጠች።

የመጀመሪያው ውሃ ወተት መሰለ። ሁለተኛው አረፋ አነሳ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም አልጠራም። ያ ሁሉ ሳሙና የድንቡሼ ጭን ላይ መዋሉን እያሰበች ጀሪካኑን ይዛ እንደገና ወረደች። አበባው የታየው በአምስተኛው ነው። ጨርቆቹን ስታሰጣ አክስቷ ከኋላዋ ደረሰች። ምላጭ ይዛለች፤ በክንዷም የተቀሩትን ጨርቆች ታቅፋለች።

«የታጠበውን ደግመሽ ታጥቢያለሽ? አይ የኔ ልጅ» አለቻት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር? ግን አትልፊ፣ በጨርቁ አትፍረጂ፣ ስፌቱ ነው።» ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና የአንደኛውን ጠርዝ በምላጩ መተርተር ጀመረች። ስትሰፋው ስንት ቀን አምሽታበት ነበር፤ ሲተረተር ግን አፍታም አልፈጀ።

ጠበቃ ስድቡን ትችለው ነበር። ምስጋናውን ግን አልቻለችም።

«እቴቴ፣ ተዪው። ስፌቱ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ። ትናንት አላለቀለቅኩትም። ሳሙናም አበዛሁበት፣ ቶሎ ልሄድ ብዬ።» ትንሽ ቆየችና ጨመረች። «ስሰበስበው መድረቁን አይቼ ነበር። አለሳልሼ ነው ያስቀመጥኩት።»

አክስቷ ምላጩን አስቀመጠች። የተተረተረውን ጠርዝ በጣቷ ደባበሰች። ጠበቃ ብትጮህባት በወደደች።

«እሱ እኮ አይናገርም» አለች በመጨረሻ። «እያቃጠለው እንኳ አቃጠለኝ አይልም።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ብታውቂማ አታደርጊውም ነበር።» ተነስታ የታቀፈቻቸውን ጨርቆች እንደገና አስተካከለች። ድምፅዋ ለስለስ አለ። «በይ፣ ነገሩ በእኔና በአንቺ መሃል ይቅር። እናትሽ ከሰማች ክረምቱን ሙሉ አትለቅሽም። እኔን ትቆጣኝ ግድ የለም፤ ለምጄዋለሁ።»

ጠበቃ እፎይ ማለት ነበረባት። ተነግሯል፣ ይቅር ተብሏል፣ ማንም አይሰማም። ሦስት እርምጃ ያህል በርግጥም እፎይ አለች። በአራተኛው «ለምጄዋለሁ» የሚለው ቃል ተመልሶ መጣባት። እናቷ አክስቷን እንዲህ ስትናገራት ስንት ዓመት ሰምታለች፤ አክስቷ ያኔም ዝም ትል ነበር። መለመዱን ግን አንድም ቀን አስባው አታውቅም።

ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ ቀያሹ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ቆሟል። እናቷ ድንቡሼን አቅፋ እሹሩሩ ትለዋለች፤ ልጁ ቅባት ተቀብቶ፣ ጨርቅ ሳይደረግለት በነጠላ ተጠቅልሎ በሲቃ ይንሰቀሰቃል።

«ሂድ እንጂ፣ ሳይመሽ» አለች እናቷ ለቀያሹ። ወደ እህቷ ዞረች። «ያንን ጨርቅ ደግሞ ሁለተኛ እንዳላየው። ልጅ ማሳደግ ጨዋታ አይደለም፤ የማታውቂውን ጠይቂ።»

«እሺ» አለች አክስቷ። አንገቷን ደፋች።

«እማዬ» አለች ጠበቃ።

አክስቷ ክንዷን ቆንጠጥ አደረገቻት፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። ጠበቃ ክንዷን ቀስ ብላ አላቀቀች።

«ጋሼም ይስማ። ከተማ መሄድ አያስፈልግም፣ በደንብ የታጠበ ጨርቅ አለ። ትናንት ያጠብኩትን ዘጠኙን ሳላለቅልቅ ከነሳሙናው አሰጣሁት፤ እሱ ነው ያቃጠለው። እቴቴ ያጠፋችው ነገር የለም። ዝም ያልኩት አንቺን ፈርቼ ነው።»

ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ተሰበረ፤ ቃሉ ግን ወጥቷል። ቀያሹ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ከርቀት ጨርቆቹን ተመለከተ። እናቷ መጀመሪያ ልጇን አየች፤ ፊቷ ጠቁሯል። ከዚያ ዓይኗ ወደ ታናሽ እህቷ ሄደና እዚያው ቀረ። ድንቡሼን ቀስ ብላ መልሳ ለእሷ አቀበለቻት።

ጠበቃ የራሷ የቁጣ ተራ እንደሚመጣ ታውቃለች። እስኪመጣ ድረስ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።