ሁለተኛው እምቢታ

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ሰኔ ነበረ፤ በሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከባሕር የሚነሣው ጉም እስከ ረፋድ አይገፈፍም፤ የጃካራንዳው ዛፍ አበባም በቆሙት መኪኖች ላይ ድምፅ ሳያሰማ ይረግፋል። በዚያ ጉም ውስጥ፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ባለች የመስተዋት ክፍል፣ ቀኛዝማች ዓለምሰገድ ወልደ ሰማዕት በጥበቃ ተቀጥረው፣ ካፖርታቸውን ደርበው ይቀመጣሉ። እኚህ ሰው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተጉለት እንደራሴ ነበሩ፤ በ1967 ምክር ቤቱ ሲዘጋ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ከዚያ ወዲህ ለአንዳች ጉዳይ የጠራቸው ሰው አልነበረም።

ጓደኛቸው አንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው፤ ሰር ጊልበርት ሃርዊክ የተባለ እንግሊዛዊ የሕይወት ታሪክ። ሃርዊክ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በፊት የኖረ የበግ ፀጉር ነጋዴ ልጅ ነው፤ ትንሽ ከተማው እንደራሴ አድርጋ ለንደን ሰደደችው፤ ብዙ ዘመን አፉን ሳይከፍት ተቀመጠ፤ በኋላ ስለ ግብር ተነሥቶ ቢናገር ጉባኤው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ብሎ ብሎም አፈ ጉባኤ አድርገው መረጡት። ቀኛዝማች እዚህ ገጽ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ይከብዳል፤ የቴምዝ ወንዝ ጉም ከፌርፋክሱ ጉም ጋር ይደባለቅባቸዋል፤ ባለጥቁር ካባው ሃርዊክ በመኪኖቹ መካከል ሲመላለስ ያዩታል።

የተመረጠ ለታ ሃርዊክ «አልበቃም» ብሎ አለቀሰ፤ ሁለት እንደራሴዎችም ክንዱን ይዘው እየጎተቱ ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። የአገሩ ወግ እንደዚያ ነበር።

«ለካ እንግሊዝም ጨዋ ኖሯል» አሉ ቀኛዝማች ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሥርጉት።

በዚያው ሳምንት የአካባቢው ኢትዮጵያውያን የመረዳጃ ማኅበር ሊያቋቁሙ ነበር፤ ሟች የሚቀብር፣ አዲስ ገቢ ስደተኛ የሚቀበል። ሊቀ መንበር የሚመረጠው እሑድ ነው። ቀኛዝማች ያንን ወንበር ፈለጉት፤ እሳቸው ቢደብቁም እኔ ለምን እደብቃለሁ፤ ክፉኛ ፈለጉት። ወይዘሮ ሥርጉት ሸሚዛቸውን እየተኮሱ፦

«ሲጠሩዎት እንግዲህ እሺ ይበሉ» አሏቸው።

«እንዴት ያለ ነገር ነው ሥርጉት? ሰው ሲሾሙት ዘሎ ጉብ ይላል? መጀመሪያ ይለመናል እንጂ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ምግብ ቤት የጓሮ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ስብሰባውን የምትመራው ሠናይት ነበረች፤ ነርስ ናት፤ በልጅነቷ መጥታ እዚሁ ያደገች።

«ሶ፣ ለሊቀ መንበርነት ጋሼ ዓለምሰገድ ተጠቁመዋል። ጋሼ፣ ኦኬ ነው?»

ቀኛዝማች ተነሡ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሡ።

«የለም ልጆቼ፤ እኔ ለዚህ አልበቃም፤ ከእኔ የሚሻል ሞልቷል።»

ይህን ብለው ተቀመጡ፤ ብብታቸውን ይዘው ሲያነሷቸው እንዳይደናቀፉም ግራ እግራቸውን ጥቂት ወደ ፊት አስቀደሙ።

«ኦኬ ጋሼ፤ ምርጫዎን እናከብራለን» አለች ሠናይት። ከልቧ ነበር፤ አንዳች ንቀት አልነበረባትም። «ቀጥሎ አድማሱ።»

አድማሱ ታክሲ ነጂ ነው። «ካላችሁ አደርገዋለሁ» አለ፤ ተጨበጨበ። ቀኛዝማችም አጨበጨቡ፤ እግራቸውንም ቀስ ብለው ሰበሰቡ።

«እሺ ይበልጣል ከሺ ሲባል አልሰሙም?» አሉ ወይዘሮ ሥርጉት ወደ ቤት ሲመለሱ።

«አልለመኑኝም እኮ ሥርጉት። በሞቴ ያለኝ አንድ ሰው እንኳ የለም።» ወይዘሮ ሥርጉትም ክንዳቸውን ያዙ።

ሐሙስ ዕለት ቀኛዝማች የሃርዊክን ፍጻሜ አነበቡ። መጽሐፉ «በሕመም ምክንያት ሹመቱን ተወ» ብሎ ያልፋል። ጉሙ መስተዋቱን ሸፍኖት ነበር፤ ዓይናቸው ተከደነ። ጠባብ ክፍል አዩ፤ የንጉሡ መልእክተኛ ከሃርዊክ ፊት ቆሟል።

«ንጉሡን የተቃወሙትን ስም ስጠኝ፤ ሹመትህ ይጸናል» ይላል መልእክተኛው።

ሃርዊክ አላለቀሰም፤ ክንዱን የሚይዝም አልነበረም። «አልሰጥም» አለ፤ ካባውን አውልቆ ወንበር ላይ አኖረና ወደ በጎቹ አገር ሄደ።

መስተዋቱ ተንኳኳ። አድማሱ ታክሲውን ከመስተዋቱ አጠገብ ፓርክ አድርጎ በመስኮቱ እጁንና አንገቱን አውጥቷል።

«ጋሼ፣ ትናንት ድራይቭ ሳደርግ ነው ድንገት ትዝ ያለኝ። አባቴ አጥቢያ ዳኛ ሲሾም ስንቴ እምቢ ብሎ፣ ስንት ተለምኖ መሰለዎት! እኛ አንድ ጊዜ እንኳ አልለመንዎትም። ለሠናይት ብነግራት አፈረች። ወንበሩ የእርስዎ ነው፤ በሞቴ።»

ቀኛዝማች ከክፍላቸው ወጥተው ወደ ታክሲው ቀረቡ። ሲጠብቁት የኖሩት ቃል ይኸው መጣ፤ ልባቸው ዘለለ። ነገር ግን በታክሲው የኋላ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ሻንጣዋን አቅፋ ተኝታለች።

«ይህች ማን ናት?»

«ዛሬ ከሱዳን ገባች። ዘመድ የላትም፤ ከኤርፖርት ተቀብያት ነው። ማኅበሩ ቤት እስኪያገኝላት እኔ ጋ ታርፋለች።»

ቀኛዝማች ሴቲቱን ብዙ ተመለከቷት።

«አድማሱ ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ። ፈልጌው ነበር፤ አጥብቄ ነው የፈለግሁት።»

«እኮ ይውሰዱት።»

«አሁን ግን እምቢ። ሥራው ተጀምሯል፤ የጀመርከውም አንተ ነህ።»

«በሞቴ፣ ጋሼ» አለ አድማሱ እጁን ዘርግቶ ክንዳቸውን እየያዘ።

«በሞቴ አትበለኝ፤ ይሄኛው የምሬን ነው።» እጁን ቀስ አድርገው አስለቀቁትና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ሹመት ያዳብር።»

ዛሬ የእንግሊዙን መጽሐፍ የገለጠ፣ ሰር ጊልበርት ሃርዊክ እያለቀሰ ተጎትቶ እንደተሾመ ያነባል፤ የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ የገለጠም፣ ቀኛዝማች ዓለምሰገድ «አልበቃም» ማለታቸውን ያገኛል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ግን ወግ ነበረ። ከወግ ያለፈውን እምቢታ የጻፈው የለም። የቀኛዝማችን እምቢታ ከአድማሱ በቀር ሊሰማ ይችል የነበረው ሰው ያቺ ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም የመንገድ ድካም ጥሏት ተኝታ ነበር።